መብራት ሲሄድ እጅ አይቆምም

ለቤዝ ጊታር ተጫዋች የጡረታ ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም። እኔን ጡረታ ያወጣችኝ የግራ እጄ የቀለበት ጣት ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ተነሥቼ ልዘረጋት ብል እምቢ አለችኝ። ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኳት፣ በቅባት አሸኋት፣ ለመንኳት፣ ወይ ፍንክች። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ እጄን አገላብጦ አየና «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ከበሩ ውጭ ወረፋው ረጅም ስለነበር «ሙዚቃ» ብዬው ብቻ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ግን በልቤ ስመልስለት ነበር።

ስሜ ተሾመ ነው፤ ጭሮ ውስጥ ግን «ተሼ ቤዝ» ካላላችሁ የሚያውቀኝ የለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጭጋግ ባንድ ነው። ስሙን ያወጣንለት ሁላችንም ጭሮን አሰበ ተፈሪ እያልን በምንጠራበት ጊዜ ነው። ክረምት ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ይወርድና መንገዱንም ሱቁንም ይውጠዋል። ወደ ልምምድ ስንሄድ ከፊቴ ያለው ሰው የተሸከመው ጊታር ይታየኛል፤ ሰውየው አይታየኝም። ዛሬም ያ ዘመን እንደዚያ ነው የሚመጣልኝ። ዘፈኑ ቅርብ ነው፤ እኛ ግን ብቅ ጥልቅ እንላለን።

አራት ነበርን። ጊታር የሚጫወቱት ጋሽ ግርማ ናቸው፤ ባንዱን የመሠረቱትም እኔን ሰው ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። ድራም ጀማል ይመታል፣ ነጃት ትዘፍናለች፣ ቤዝ እኔ ነኝ። ከጭሮ እስከ ሂርና፣ ከሂርና እስከ ገለምሶ ያልተጫወትንበት የሰርግ ድንኳን የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ገበያ መሃል ያስቆሙኝና «እኛን የዳራችሁን እናንተ አይደላችሁም?» ይሉኛል። ይኼ ሁሉ ሆኖ ከዘፈኖቻችን አንዱ እንኳ አልተቀረጸም። ካሴት የለን፣ ሲዲ የለን። ሳምራዊት እስክትደውል ድረስ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኝ አያውቅም ነበር።

ሳምራዊት የጋሽ ግርማ ልጅ ናት፤ አዳማ ተቀምጣ የሰርግ ቪዲዮ ትሠራለች። ጣቴ ባመፀችበት ሰሞን ደወለችና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ጋሽ ተሼ፣ አባዬ ስሜን ረሳው» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩት።

«ዘፈኑን ሳይረሳው እንቅረጸው» አለች። «‹ከታች አለሁ›ን። እሷን ብቻ።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደጅ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ‹ከታች አለሁ› መሃሏ ላይ ከጋሽ ግርማ በቀር ማንም የማያውቀው ቦታ አላት። ያ ቦታ ከጠፋ ዘፈኗ የለችም ማለት ነው። ይኼ እንዲገባችሁ ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

አባቴ ዋናው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ከአጠገቡ የስፌት መኪና እረግጣለሁ። አንድ ቀን ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ከአዳማ የተመደቡ የፊዚክስ መምህር ሱሪ ሊያሳጥሩ ገቡ። ጋሽ ግርማ ናቸው። ሱሪው ተረስቶ ዓይናቸው እግሬ ላይ ቀረ።

«ይኼ እግር አይቸኩልም» አሉ ለአባቴ። «ቤዝ ይጫወትልኝ።»

«ቤዝ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«የማይሰማ ነገር ነው፤ ሲቆም ነው የሚታወቀው።»

አባቴ ሳቀና «እንግዲያው ለዚህ ልጅ ተስማሚ ነው፤ ቤትም ውስጥ እንደዚያው ነው» አለ። በዚሁ ተቀጠርኩ።

ድምፅ ማጉያችንን ጋሽ ግርማ ናቸው ከተሰበሩ ሬዲዮኖች ገጣጥመው የሠሩት፤ ሳጥኑ የሻይ ቅጠል መጫኛ ጣውላ ነበር። ጊታሮቹ ከድሬዳዋ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። ክር ሲበጠስ የሚሸጥበት ሱቅ የለም፤ ቀጭኑን በብስክሌት ፍሬን ሽቦ እንተካለን። የቤዙን ወፍራም ክር ደግሞ ድምፁ ሲደፈን እንቀቅለዋለን። አዎ፣ እንቀቅለዋለን። ድስት ውስጥ ውሃ ጥዶ ክሩን ጠቅልሎ መጨመር ነው፤ የዓመት ላብና እድፍ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ክሩ ደርቆ ሲወጠር እንደ አዲስ ይናገራል። ጋሽ ግርማ ክዳኑን ከፍተው ያዩና «ትንሽ ይቀረዋል» ይላሉ፣ ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት ሳይኖር። ጎረቤት ደግሞ መምህሩ ምን እየበሉ ነው የሚኖሩት ብሎ ይጨነቅላቸዋል።

ፈጣን አጨዋወታችንን ያመጣው አንድ ካሴት ነው። አሜሪካ ያለ የአክስታቸው ልጅ ላከላቸው። ሽፋን የለው፣ የባንዱም ስም አልተጻፈበት፤ በእስክሪብቶ «የሰፈሬ ልጆች» ብቻ ይላል። ማጫወቻው ውስጥ ሲገባ ቤቱ ተናጋ። ጊታር ይሮጣል፣ ድራም ይሮጣል፣ ልጆቹ ሁሉም ባንድ ላይ እየጮኹ ይዘፍናሉ፤ ግን ዜማው ጣፋጭ ነው፣ ካንዴ በላይ ሳትሰማው አብረህ ታንጎራጉረዋለህ። ጀማል አፉን ከፍቶ ቀረ። ጀማል የሂርና ልጅ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ ጭነት እየጫነ፣ ዕቃ ከሌለ ጀሪካን እየመታ ያደገ።

«ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?» አለ።

ጋሽ ግርማ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ልጅቷ ትታው ሄዳለች። እሱም ከተማውን ለቅቆ ሊሄድ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩለዋል?»

«ሊሄድ ነዋ።»

«አሃ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠው» አለ ጀማል፣ ገብቶት።

ያ ካሴት እስኪላላ ሰማነው። የአክስታቸው ልጅ በየደብዳቤው ስለ ልጆቹ ይጽፍላቸው ነበር። ጋራዥ ውስጥ ጀመሩ፣ በአሮጌ መኪና ከከተማ ከተማ ዞሩ፣ ድራም መቺው ወጣ፣ ሌላ ገባ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ሸበቱና እንደገና አንድ ላይ ቆሙ። በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም፤ ግን የዘመድ ወሬ እንደሚጠበቅ እንጠብቀው ነበር። እኛ ላይ የሚደርሰው ሁሉ እነሱ ላይ ቀድሞ የደረሰ ይመስለኝ ነበር።

ነጃት የመጣችው ከገለምሶ ነው፤ ጭሮ አክስቷ ዘንድ እየኖረች ትማር ነበር፣ የጋሽ ግርማ ተማሪ። ክፍል ውስጥ ስታንጎራጉር ሰሟት። አክስቷ የፈቀዱት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ትግባ በሚል ስምምነት ነው። ጋሽ ግርማ ሙሽራው ገና እየጨፈረ ቢሆን እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ጊታራቸውን ሳጥን ውስጥ ከትተው «መኪናው መጣ?» ይላሉ። ከዘመን ዘመን የምሰማው ንግግራቸው ይኼ ነው። ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ቆመው «መኪናው መጣ?»፣ ከሰዓት ድንኳን በር ላይ «መኪናው መጣ?»። አዛን ሊል ሲል ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ክራቸውን በመዳፋቸው ያፍናሉ፤ ጀማል ሰግዶ እስኪመለስ የሽቦውን ጫፍ በጨርቅ ይጠርጋሉ። አንድ ቀንም ረስተው አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኛ አገር ሰርግ መሃል መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። ሌላው ባንድ መብራት ሲሄድበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ሰዉ ግን ቀዝቅዟል። ጋሽ ግርማ «መብራት ሲሄድ ዘፈኑ አልሄደም፤ እጅ አይቆምም» ይላሉ። ስለዚህ ጀማል መምታቱን ይቀጥላል። ነጃት ማይኩን ትታ ሰዉ መሃል ትገባና እያጨበጨበች ትዘፍናለች። እኔና እሳቸው ድምፅ በሌለው ክር ላይ እንጫወታለን፤ አንድ ምት ሳንዘል፣ አንድ ምት ሳንሰርቅ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ዘፈኑ በደረሰበት ቦታ ጊታሩም ቤዙም እዚያው ይገኛሉ።

ለዚህ አንዲት ብልሃት አለች። መብራቱ እንደሄደ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት የድምፁን ማዞሪያ ዝቅ ታደርጋለች፤ ማጉያው ድንገት ሲነሣ ጆሮ እንዳይበሳ ነው። ሲመጣ ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። ሌሎቹ ጣቶች በዚህ ሁሉ ጣጣ የሉበትም፣ ሥራቸው ላይ ናቸው። ጋሽ ግርማ ልምምድ ላይ ሳይናገሩ ተነሥተው ሶኬቱን ይነቅሉብናል። ያኔ እጁ የቆመ ሰው ወዮለት። አይቆጡም፣ አይሰድቡም፤ የቆመውን እጅ ዝም ብለው ያዩታል። ከስድብ ይብሳል።

ሂርና ላይ ነው መጀመሪያ የተሳካልን። ትልቅ ድንኳን፣ ትልቅ ሰርግ፤ በ‹ከታች አለሁ› መሃል መብራት እልም አለ። ዘፈኗ የነጃት ናት፤ ሚኒባሱ ዳገት ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ እየተሳለች የገጠመቻት። «ቁልቁለቱን ውረድ፣ አትፍራ፣ እኔ ከታች አለሁ» የምትል። ሰዉ ከነጃት ጋር ያጨበጭባል፣ እኔ ድምፅ የለኝም፣ ክሩ ከጣቴ ሥር ሲንቀሳቀስ ብቻ ይሰማኛል። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ በሕልም ውስጥ የምትናገሩ ይመስላችኋል እንጂ የሚሰማችሁ የለም። ከእኔና ከጋሽ ግርማ እጅ በቀር ዓለም ሁሉ የጠፋ መሰለኝ። ከዚያ መብራቱ መጣና ሁላችንም እዚያው ተገኘን። ድንኳኑ በእልልታ ፈነዳ። የሙሽሪት አጎት ጀማልን ትከሻውን ይዘው «ወላሂ፣ ይኼ ሲሕር ነው፣ አስማት ነው» አሉት። «ሲሕር አይደለም ኦቦ፣ ፊዚክስ ነው» አለ ጀማል።

ያቺን ማንም የማያውቃትን ቦታ ያስገኘችው ገለምሶ ናት። ምሳ ተበልቶ ወንዶቹ ለበርጫ ተደላድለው ተቀምጠዋል፣ ጫቱ ለምለም ነው፣ ቤቱ ሰክኗል፤ እኛ ደግሞ እንደ አሜሪካኖቹ ልጆች እየሮጥን ነው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። አቆምን።

«ልጆቼ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ማነው የሚያሳድዳችሁ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ጋሽ ግርማ ግን ከሁሉም በላይ ሳቁ፤ ብድግ ብለው «እውነትዎን ነው አባ፣ ማንም የለም» አሉ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጊታሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ያለ ማጉያ ሲነካኩ መጡ። ቡናውና ጫቱ በመስኮት ያልፋል፣ ነጃት አንቀላፍታለች፣ እሳቸው ቀስ ብለው ይነካካሉ። ጭሮ ስንገባ ‹ከታች አለሁ› መሃል ላይ አዲስ ቦታ ተገኝቶላታል። ዘፈኗ ስትሮጥ ስትሮጥ ትመጣና ሁሉም ዝም ይላል፤ ጊታሩ ብቻውን፣ ዳገት የጨረሰ ሰው ቆሞ አገሩን እንደሚያይ፣ ዝግ ብሎ ይጫወታል። «ማረፊያ» አሉት።

ማረፊያው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ልክ የለውም። አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴ ያረዝሙታል። ሲበቃቸው አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ያኔ እኔ በቤዝ እገባለሁ፣ ዘፈኑም ቁልቁል መሮጥ ይጀምራል። ዕድሜ ልኬን በሥራዬ የተመለከትኩት ነገር ቢኖር የዚያን ሰውዬ አገጭ ነው። ሌሎች ጊታር ተጫዋቾች ማረፊያውን ሊወስዱት ሞክረዋል። ድምፆቹን ያገኟቸዋል፤ ዕረፍቱን አያገኙትም።

ስማችን ሲወጣ አዲስ አበባ አንድ ሰው ካሴት ሊያሠራን ጠራን። ለሁላችንም አዲስ ሸሚዝ ሰፋሁ፣ ለነጃት ሳይቀር። ስቱዲዮው ግድግዳው ሁሉ ምንጣፍ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ አስገጠሙን፤ ቀራጩ በመስታወት ማዶ ተቀምጧል። «ጀምሩ» አለ። ጀመርን። አንድ ያልወደደው ነገር ሰማና እንድንቆም ፈለገ። እዚያ የተለመደው ማዳመጫውን መዝጋት ነው፤ ድምፅ ሲጠፋበት ማንም ሰው ያቆማላ።

እኛ አላቆምንም። ድምፁ እልም ሲል መብራት የሄደ ነው የመሰለን። ጀማል ቀጠለ። ነጃት ማይኩን ትታ ማጨብጨብ ጀመረች። የኔና የጋሽ ግርማ ትንንሽ ጣቶች ድምፁን ዝቅ አደረጉ። ሰውየው በመስታወቱ ማዶ እጁን ያወናጭፋል፤ እኛ አንገታችንን ደፍተን ሥራችን ላይ ነን።

በሩን ከፍቶ ገባ። «ቁሙ ስል አትቆሙም እንዴ?»

ይቅርታ ጠየቅን። እንደገና ጀመርን፣ እንደገና ዘጋው፣ እንደገና ቀጠልን። ተነጋግረን፣ ተማምለን ጀመርን፤ ድምፁ ሲጠፋ እጃችን ሰምቶን መሰላችሁ? ጀማል ዱላውን ጥሎ እጁ ላይ ሊቀመጥበት ምንም አልቀረው። ዓመታት አትቁም ብለን ያስተማርነውን እጅ በአንድ ቀን ቁም ብትለው ከየት ያመጣዋል? በመጨረሻ ሰውየው ፊቱን ጠረገና ለጋሽ ግርማ «የልጅቷን ድምፅ እፈልገዋለሁ። ሌላውን ማሽን ይሠራዋል» አላቸው። እናንተ ሂዱ አላለም፤ ጨዋ ሰው ነበር። ነገሩ ግን እሱው ነው።

ነጃት ኮሪደሩ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ልቅር?» አለች። ሻንጣዋን አልለቀቀችም።

«ቅሪ» አሉ ጋሽ ግርማ። «እኔ ብሆን እቀራለሁ።» ሻንጣዋን ራሳቸው ተሸክመው አክስቷ ካገኙላት ዘመድ ቤት አደረሷት።

በመመለሻው አውቶቡስ የተሳፈርነው ሦስታችን ብቻ ነን። ተናድጄ ነበር፣ ልደብቀው አልችልም፤ በሰውየውም፣ በነጃትም፣ በእጄም። አዋሽን ተሻግረን ሜዳው ሲያልቅና ዳገቱ ሲጀምር ዞር ብል የጋሽ ግርማ ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ዓይናቸው ተጨፍኗል። የቱ ዘፈን እንደሆነ ጣቶቻቸውን አይቼ አወቅሁ። ማረፊያው ላይ ደረሱና አረዘሙት፤ እንደዚያን ቀን አርዝመውት አያውቁም። እኔም ጭኔ ላይ ጠበቅኋቸው። አገጫቸው ቀና ሲል ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጭጋግ ነው። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሰርግ የሚያሞቅበት ዘመን መጣ። ጀማል ባጃጅ ገዛ፤ ድራሙን ግን አልሸጠም። እኔ ቀን ልብስ እሰፋለሁ፣ ሲገኝ እንጫወታለን። ነጃት ጥቂት ዘፈን አወጣች፣ በሬዲዮም ሰማናት፣ ከዚያ ዝም አለች። ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት ለሰርግ ልንሄድ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ከጭጋጉ ውስጥ ሕፃን ያዘለች ሴት ወጣች።

«ጋሼ፣ መኪናው አልሄደም?» አለች።

«አንቺን እየጠበቀ ነው» አሉ። ሌላ አንዲት ቃል አልጠየቋትም፤ እኛም አልጠየቅንም። የዚያን ቀን እንዴት እንደዘፈነች ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እነሆ አሁን ጋሽ ግርማ አርጅተዋል። ጭሮ ከፍ ብሎ ያለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ይውላሉ። ሳምራዊት ከአዳማ ኮምፒውተሯንና ማይኳን ይዛ የመጣች ዕለት ሁላችንም ተሰበሰብን። ጀማል ድራሙን በባጃጁ አመጣ። ነጃት ሱቋን ዘግታ መጣች። እኔ ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በቀሩት ልሞክር ብዬ ቤዜን ይዣለሁ። ከሰዓት ነው፤ ጭጋጉ ያለ ሰዓቱ መውረድ ጀምሯል።

ጋሽ ግርማ አዩኝና «አንተ ማነህ?» አሉኝ።

«ተሾመ ነኝ፣ ጋሼ። የልብስ ሰፊው ልጅ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ በትሕትና፣ እንግዳን እንደሚያመሰግን ሰው። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ «መኪናው መጣ?» አሉ።

ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጥንላቸው፤ ሳምራዊት ማጉያውን ከፈተች። አንዱን ክር ነኩትና ድምፁ ሲጮህ ደንግጠው እጃቸውን አነሡ። «ይኼ የማን ነው?» አሉ። ቢሆንም ጀመርን። ነጃት ዘፈነች፤ ድምፅዋ ሸካራ ሆኗል፣ አምሮባታል። ማረፊያው ላይ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ጋሽ ግርማ ጭጋጉን ያያሉ። እጃቸው ጊታሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጠበቅን። ምንም የለም። ደግመን ጀመርን፣ እዚያው ደረስን፣ ምንም። እንደገና፤ ምንም። ሳምራዊት ከኮምፒውተሩ ተነሥታ በሩ ጋ ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጥታን። «ይብቃ፣ ጋሽ ተሼ» አለች፣ «አናስጨንቀው።»

የዕድሜዬ ሥራ ከፊቴ ተቀምጦ አያውቀኝም። «አንድ ጊዜ ብቻ» አልኳት። መቅረጫውን ከፈተችው።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ መብራት ሄደ።

ማጉያው እልም አለ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ባትሪ መቅረጹን ቀጥሏል። ጀማል አላቆመም። ነጃት ከማይኩ ዞር ብላ ማጨብጨብ ጀመረች። የኔም እጅ ድምፅ ሳይኖረው ቀጠለ፤ ማን አዘዘው? ዓይኔን ወደ ጋሽ ግርማ መለስኩ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ቀስ ብላ ተዘረጋችና የድምፁን ማዞሪያ ዝቅ አደረገችው።

ከዚያ ሌሎቹ ጣቶች ተነሡ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ አሁንም ጭጋጉን ነው የሚያዩት። ጣቶቻቸው ግን ከዘፈኑ ጋር እየሮጡ ናቸው፣ ከኛ አንድም ሳይቀድሙ፣ አንድም ሳይዘገዩ። ማረፊያው ላይ ደረስን። ጀማል ዱላውን አነሣ፣ ነጃት ማጨብጨቧን አቆመች። ባዶው ክር ሲነካ የምትሰማ ያቺ ደረቅ ድምፅ ብቻ፣ በጭጋጉ ውስጥ። ሳምራዊት ከበሩ ዞራ አፏን በእጇ ይዛለች። እኔ እንባዬ አገጬ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረግሁትም፤ እጄ ሥራ ላይ ነው።

መሃሉ ላይ መብራት መጣ። ትንሿ ጣት ቀስ አድርጋ ማዞሪያውን መለሰችው። ጊታሩ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ድምፁ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ ደንግጠው እጃቸውን አላነሡም። ያረዝሙት ጀመር። ጠበቅኋቸው። ያችን አገጭ እያየሁ፣ ሌላ ምንም ሳላይ ጠበቅኋቸው። ቀና አለች። በቀሩት ጣቶቼ ገባሁ፣ ጀማል ተከተለ፣ ነጃትም «እኔ ከታች አለሁ» አለች፣ ዘፈኗም እስከ መጨረሻዋ ወረደች።

ስንጨርስ ጋሽ ግርማ ጊታሩን ለሳምራዊት አቀበሉና «መኪናው መጣ?» አሉ።

«መጣ፣ አባዬ» አለች።

በሳምንቱ ሳምራዊት ከአዳማ ደወለች። አብረዋት የሚሠሩት ልጆች ሰምተውት ጊታሩ የጠፋበትን ቦታ ቆርጠን እንገጣጥመው፣ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል ብለዋት ነበር። ልጅቷ ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ እኔን ለመጠየቅ ብላ ነው እንጂ መልሱን ታውቀዋለች። «አንዲት ነገር እንዳትነኪ» አልኳት። እንዳለ ላከችልኝ።

ለጣቴ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሼ ስሄድ ያ ሐኪም ልጅ ነበር። ወረፋው ያን ቀን ቀለል ብሏል። ስልኬን ሰጠሁትና ጆሮው ላይ አደረገው። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ወጣት አይደል፣ ፈጣኑን ወደደው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው።

«አባባ፣ ድምፁ ጠፋ እኮ። ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አልኩት። «ሥራህ ምን ነበር ብለኸኝ አልነበር? እሱ ነው። ዝም ብለህ ስማው።»